በተወለድኩበት ሰፈር የውጭ ዜጋ ሆኜ

ከ1991 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለዓመታት በሕግ የውጭ አገር ሰው ነበርኩ። አገር አልለወጥኩም፤ ድንበር አልተሻገርኩም፤ ቤት እንኳ አልቀየርኩም። የተወለድኩት አዲስ አበባ፣ ቄራ አካባቢ ነው። ያደግኩትም፣ የተማርኩትም፣ ሥራ የያዝኩትም እዚያው ነው። እናቴ የጎንደር ሰው ናት። አባቴ ኤርትራ፣ ደቀምሓረ ተወልዶ ገና በወጣትነቱ አዲስ አበባ የገባ መካኒክ ነበር፤ በላቡ ጋራዥ ከፈተ፣ ጎጆ ቀለሰ፣ እኔንና ታላቅ ወንድሜን አሳደገ።

ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ የባድመ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ኤርትራ ስለተባረሩትም እንዲሁ። እዚሁ ቀርተን፣ ቤታችን ተቀምጠን ዜግነታችን ስለተነሣብን ሰዎች ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ይህን ምስክርነት የምሰጠው ለእነዚህ ሰዎች ብዬ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕዝበ ውሳኔው ነው። ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ኤርትራውያን ስለ ነጻነታቸው ድምፅ ሲሰጡ፣ ኤርትራ ውስጥ ብቻ አልነበረም። አዲስ አበባም ተመዝግበን፣ ተሰልፈን ድምፅ ሰጥተናል። የሽግግር መንግሥቱ ፈቅዶታል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ታዝቦታል። ውጤቱ ከመቶ 99.8 «ነጻነት» ሆነ። ለመመዝገብ ኤርትራዊ ትውልድ እንዳለህ የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ቀርበው ይመሰክራሉ፤ ከዚያ መታወቂያ ይሰጥሃል፤ በእሱ ትመርጣለህ። አባቴ ሱፉን ለብሶ፣ እኔ ነጠላዬን ጣል አድርጌ አብረን ሄድን። የመረጥኩት የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት እንዲያበቃ ስለፈለግኩ ነው፤ ዛሬም አይቆጨኝም። ወንድሜ በዚያ ሰሞን ለሥራ ሐዋሳ ስለነበር አልተመዘገበም። ይህች የሥራ ጉዞ ከስድስት ዓመት በኋላ ምን እንደምታመጣ ማን ያውቃል?

በዚያን ጊዜ «ይህን ካርድ ከወሰዳችሁ ኢትዮጵያዊነታችሁን ታጣላችሁ» ያለን ሰው የለም። ከሕዝበ ውሳኔው በኋላም የቀበሌ መታወቂያዬ አልተነካም። ፓስፖርት አወጣሁ። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ ምርጫም ድምፅ ሰጠሁ። አባቴ በየዓመቱ ግብር ይገብራል፤ የንግድ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል። በነሐሴ 1988 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ኤርትራውያን ከሁለት አንዱን ዜግነት እንዲመርጡ ይደረጋል ብለው እንደተስማሙ የሰማነው ዘግይተን ነው። ያ ስምምነት ወረቀት ላይ ቀረ። ምረጡ ተብሎ የተጠራ፣ ፎርም የተሰጠው፣ ቀን የተቆረጠለት ሰው አላውቅም።

ጦርነቱ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ፈነዳ፤ በሰኔ ማባረሩ ተጀመረ። መጀመሪያ የተነገረን ለአገር ደኅንነት የሚያሰጉ ሰዎች ብቻ እንደሚወጡ ነበር። እኛም «አንድ መካኒክ ማንን ያሰጋል?» ብለን ተጽናናን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ ሆነ። በሐምሌ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ፣ መንግሥት አንድን የውጭ አገር ሰው የዓይኑን ቀለም ስላልወደደው እንኳ የማስወጣት መብት እንዳለው ተናገሩ። ብዙ ሰው በዓይን ቀለሙ ተቆጣ። አባቴን ያስደነገጠው ግን ሌላ ነበር። ራዲዮኑን ዘጋና፣ «የውጭ አገር ሰው ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ?» አለ። ክርክሩ ሁሉ እዚያ ጥያቄ ውስጥ ነበር። የትኛውም አገር የውጭ ዜጋን ከግዛቱ ማስወጣት ይችላል፤ ያከራክራል ከተባለ የሚያከራክረው አካሄዱ ነው። አባቴን መቼ፣ ማን፣ በየትኛው ውሳኔ የውጭ ዜጋ እንዳደረገው ግን የሚመልስ አልተገኘም።

የመጡት ኅዳር 1991 ላይ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ፖሊሶችና አንድ የምናውቀው የቀበሌ ሰው። የቀበሌው ሰው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ፖሊሱ ጨዋ ነበር፤ «አባት፣ ለአጭር ጥያቄ ነው፤ ይመለሳሉ» አለው። እናቴ የደም ግፊት ኪኒኑንና መነጽሩን በፌስታል አድርጋ ሰጠችው። «ጋቢ ልያዝ?» ሲል፣ «ምን ያደርግልዎታል፣ ይመለሳሉ እኮ» አሉት። እናቴ ግን ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። አልተመለሰም።

በእስር በቆየባቸው ቀናት ምግብ እናደርስ ነበር፤ ፊቱን ግን አላሳዩንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእናቴ ውክልና እንዲፈርም ሲፈቀድለት፣ በጠረጴዛ ማዶ አየሁት። ጺሙ አድጓል። የጠየቀኝ ስለ ራሱ ጉዳይ አልነበረም፤ «የሰውየው ላንድሮቨር ጊርቦክሱ ተፈቶ ነው ያለው፤ ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ሳይገጥሙ እንዳይሰጡት» አለኝ። ደንበኛው መኪናውን ተረከበ። አባቴ በአፋር በረሃ በኩል፣ በቡሬ አድርጎ አሰብ ገባ። የመጨረሻውን መንገድ በእግር፣ በሌሊት፣ በሁለት ጦር መካከል እንዳለፉት የነገረን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከእሱ በፊት በሑመራ በኩል በኦምሓጀር የወጡም ነበሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጦርነቱ ጊዜ ከኢትዮጵያ የተባረሩትን ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች 75,000 ያህል አድርጎ ይገምታል።

ከዚያ የንብረቱ ጣጣ መጣ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 390 መሠረት የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን አይችልም ነበር። የሕጉ ዓላማ ሌላ ቢሆንም፣ ትናንት ዜጋ የነበረን ሰው ዛሬ የውጭ ሰው ስትለው፣ የሠራው ቤት በአንድ ሌሊት ሕገ ወጥ ይሆናል። ለተባረሩት ሰዎች ንብረት መሸጫ የተሰጠው ጊዜ አንድ ወር ነበር። በአንድ ወር ሽጥ የተባለን ንብረት ገዢው በምን ዋጋ እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። የጋራዡን ኮምፕረሰር የወሰደው ሰው የሰጠን ብር ጎማ አይገዛም። መኖሪያ ቤቱ የተረፈው እናቴ ኢትዮጵያዊት ሚስት በመሆኗና «ግማሹ የእኔ ነው» ብላ ከደጅ ደጅ ስለተንከራተተች ነው።

የእኔ ተራ የደረሰው በክረምት ነው። ነሐሴ 1991 ላይ፣ በሕዝበ ውሳኔው የተመዘገቡ ሁሉ ቀርበው እንዲመዘገቡ ተነገረ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ከፊቴ የነበሩት ሴትዮ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ትግርኛም አማርኛም እያቀላቀሉ የሚያወሩ ነበሩ፤ ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አይችልም። ተራዬ ደርሶ ፎርሙን ስሞላ፣ «ዜግነት» በሚለው ቦታ ላይ ኢትዮጵያዊ ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊው ወረቀቱን አይቶ መለሰልኝና፣ «እህቴ፣ እንደዚህ ከሆነማ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሥራውን መጨረስ ፈልጎ ነው። «ታዲያ ምን ልጻፍ?» አልኩት። ብዕሩን ወስዶ የጻፍኩትን ሰረዘና ከላዩ ላይ ራሱ ጻፈው። ከኢትዮጵያዊነት የወጣሁት በአንድ ጸሐፊ ብዕር ነው። ችሎት አልነበረም፤ ደብዳቤ አልደረሰኝም፤ ይግባኝ የምልበት ቁጥር ያለው ውሳኔ አልተሰጠኝም። የተሰጠኝ የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ በየስድስት ወሩ የሚታደስ።

የቀበሌ መታወቂያዬን መለስኩ። ከከተማ ወጥቶ ለመመለስ ፍርሃት አለ፤ ኬላ ላይ ያንን ካርድ የሚያይ ወታደር ወንድሙን ግንባር የሸኘ ሊሆን ይችላል። በሒሳብ ሠራተኛነት የምሠራበት የግል ድርጅት ሥራ አስኪያጅ በሩን ዘግቶ አነጋገረኝ። የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ መቅጠር ስለማይችል ፈቃድ አምጪ አለኝ። ኢትዮጵያዊ ሊሠራው በሚችለው ሥራ ላይ ለውጭ ዜጋ ፈቃድ ማን ይሰጣል? እሱም ይህን ያውቀዋል። የወር ደሞዜን ከፍሎ፣ የቅርብ ዘመድ ያህል አዝኖ አሰናበተኝ። ከዚያ በኋላ የኖርኩት የሰፈር ነጋዴዎችን ደረሰኝ በማታ እየደመርኩ ነው። ስማችን የትም ሳይጻፍ፣ በጨለማ ደረሰኝ በፌስታል አምጥተው፣ በጨለማ ይወስዱ ነበር።

ወንድሜ ግን ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቀረ። አንድ አባት፣ አንድ እናት፣ አንድ ማዕድ፤ እሱ ዜጋ፣ እኔ የውጭ ሰው። ልዩነታችን ያቺ የሐዋሳ ጉዞ ናት። ለእሱም ቀላል አልነበረም፤ በአባቱ ስም የተነሣ መሥሪያ ቤቱ በጎሪጥ ያየው ነበር። እኔን ግን ከሁሉ ያንገበገበኝ የእናቴ ጉዳይ ነው። በ1922 ዓ.ም. የወጣውና እስከ 1996 ድረስ የሠራው የዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ይህን በብዙ ቢሮ ተናግሬያለሁ። «እናቴስ?» ስል መልስ የሰጠኝ አልነበረም። እናቴ ግን ቢሮ ለቢሮ ስንዞር አንድ ቀን ቀና ብላ፣ «የእኔ ማሕፀን የየት አገር ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። የሰሙት ሁሉ ዝም አሉ።

የመንግሥትን ክርክርም በሐቅ ልግለጽ። ያው የ1922 ሕግ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል ይላል፤ ጥምር ዜግነት በእኛ አገር አይፈቀድም። በሕዝበ ውሳኔው ለመሳተፍ ደግሞ ኤርትራዊ መሆን ግድ ነበር። ስለዚህ ድምፅ የሰጠ ሰው በገዛ ፈቃዱ ለቋል ነው ክርክሩ። በወረቀት ሲታይ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ነገር ግን በ1985 ሚያዝያ አዲሲቱ አገር ገና አልታወጀችም፤ ከዚያም በኋላ እስከ ጦርነቱ ድረስ መንግሥት ራሱ እንደ ዜጋ ያስተናግደን ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ እንደማይችል ይደነግጋል። «ፈቃድ» ማለት የሚያስከትለውን አውቆ መፍቀድ ካልሆነ፣ አንቀጹ ለማን ተጻፈ?

በዚያኛው ወገንም ተመሳሳይ ግፍ ተፈጽሟል። ኤርትራ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይ በአሰብ ወደብ ይሠሩ የነበሩት፣ ሥራ አጥተው፣ ታስረው፣ ተገፍተው ወጥተዋል። ጎረቤታችን የሆነች አንዲት ሴት ከአሰብ ሁለት ልጆቿን ይዛ ባዶ እጇን ነው የመጣችው። እናቴ ምጣድና ብርድ ልብስ ሰጠቻት። አባቴ በወጣበት መንገድ ስለገባች፣ እናቴ ስለ መንገዱ የምትጠይቃት ብዙ ነበራት።

ከአባቴ ጋር የምንገናኘው በቀይ መስቀል መልእክት ነበር። ወረቀቱ ክፍት ነው፤ ባለሥልጣን ያነበዋል፤ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው የሚጻፍበት። «ደኅና ነኝ። ግፊቴ ተሽሎኛል። ኪኒኑ እዚህም አለ። የመኖሪያ ቤቱን ጣሪያ ከክረምት በፊት አስጠግኑ።» ከዚህ በላይ ማለት አይቻልም። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ስልክ ተቋርጦ ስለነበር፣ ጠንከር ያለ ጉዳይ ሲኖር ሮም ያለች አክስቴ ለእሱም ለእኛም እየደወለች ታቀባብለን ነበር። የአባቴን ድምፅ ግን ለረጅም ዘመን አልሰማሁም።

ጎረቤትን በተመለከተ ሁለቱንም አይቻለሁ። ሰላምታ የነሡን አሉ፤ «ሰላይ» ብለው በልጆች አፍ ያሰደቡን አሉ። እድራችን ግን ከዚህ ሁሉ ራሱን ለየ። አንድ አባል በስብሰባ ላይ የውጭ ዜጋ በእድሩ መዝገብ ሊኖር አይገባም ብሎ አነሣ። የእድሩ ዳኛ፣ ልጃቸው በጾረና ግንባር የነበረ ሰውዬ፣ «እዚህ የምንጠይቀው መዋጮ ተከፍሏል ወይ፣ ሐዘን ቤት ተገኝቷል ወይ ነው፤ እኒህ ቤት ሁለቱንም አጓድለው አያውቁም» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። በእነዚያ ዓመታት ስሜ እንደ ሰፈር ሰው ተጽፎ የቀረበት መዝገብ ያ ብቻ ነበር።

ጦርነቱ በሰኔ 1992 ዓ.ም. በተኩስ አቁም፣ በታኅሣሥ 1993 በአልጀርስ ስምምነት ቆመ። የእኔ ካርድ ግን በየስድስት ወሩ መታደሱን ቀጠለ። መፍትሔ የመጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። አዲሱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ኢትዮጵያዊነቱን ያጣ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ከሆነ፣ የሌላ አገር ዜግነቱን ከተወና ካመለከተ መልሶ ማግኘት ይችላል አለ። በዚያው ዓመት ጥር ላይም የኤርትራ ተወላጆችን የመኖሪያና የዜግነት ሁኔታ የሚወስን መመሪያ ወጣ። ወረቀት አሟልቼ አመለከትኩ። ፓስፖርቱን ይዤው የማላውቀውን፣ መሬቱን ረግጬው የማላውቀውን አገር ዜግነት ትቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። መታወቂያዬ ተመለሰ። ይቅርታ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም፤ «እንኳን ደስ አለሽ» ነው ያሉኝ።

ሄግ ላይ የተቀመጠው የኢትዮ-ኤርትራ የካሳ ጉዳይ ኮሚሽን ውሳኔውን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ሰጠ። በሕዝበ ውሳኔው የተሳተፉ ሰዎች የኤርትራን ዜግነት አግኝተዋል፤ የኢትዮጵያንም ግን አላጡም ነበር፤ ስለዚህ ጥምር ዜጎች ነበሩ አለ። ከእነዚህ መካከል ኢትዮጵያ ውስጥ የቀሩትን ሰዎች ዜግነት መንፈግ በዘፈቀደ የተደረገና ከዓለም አቀፍ ሕግ ውጭ ነው ብሎ ወሰነ። የአንድ ወር የሽያጭ ገደቡንም ኮነነ። እኔ እንግዲህ ተበድለሻል ተባልኩ። በደኅንነት ማጣሪያ አልፈው የተባረሩትን ጥምር ዜጎች ግን ጦርነት ላይ ያለ አገር በዚያ ሁኔታ ዜግነታቸውን ማንሣትና ማስወጣት ይችላል አለ። አባቴ ከእነዚህ መካከል ነው። ማጣሪያ የተባለው ለእሱ ምን እንደነበር አውቃለሁ፤ «ድምፅ ሰጥተሃል ወይ?» የሚል ጥያቄና «አዎ» የሚል መልስ። ኮሚሽኑ ኤርትራንም በኢትዮጵያውያን ላይ በፈጸመችው በደል ተጠያቂ አድርጓል።

ሐምሌ 2010 ሰላም ወረደ ተባለ፤ ስልክ ተከፈተ፤ ሐምሌ 11 ቀን የመጀመሪያው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ አስመራ አረፈ። እኔም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሄድኩ። አባቴ ሸምግሏል፤ በአንድ ዘመድ ጋራዥ ጥግ ቁጭ ብሎ ወጣቶችን ያርማል። ከእሱ ጋር የተባረሩት፣ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ልጆች ጎልማሶች ሆነዋል፤ አስመራ «አምቼ» ይላቸዋል፤ አማርኛቸው አሁንም የመርካቶ ነው። አባቴ የጠየቀኝ ስለ ፍርዱ ነበር። የኮሚሽኑን ውሳኔ እንደተረዳሁት ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እንዲህ ከሆነ አንቺን የበደሉሽ ሕግ ጥሰው ነው፤ እኔን ግን በሕግ ነው» አለና ሣቀ። ከዚያ የሚከራከር ሰው አላገኘም።

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። መንግሥት ዜጋንና የውጭ ሰውን መለየት አለበት፤ ያለዚያ አገር የለም። መለያው ግን በሰልፍ ላይ በጸሐፊ ብዕር፣ በንጋት በፖሊስ ቃል መሆን የለበትም። ዜግነትህ ሊነሣ ነው የተባለ ሰው አስቀድሞ ይነገረው፤ ይሰማ፤ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ በፍርድ ቤት ይግባኝ ይበል። እስከዚያ ድረስ ዜጋ ነው። ዛሬም በአገራችን በአባት ስም፣ በትውልድ ቦታ፣ በቋንቋ የተነሣ መታወቂያ የሚከለከሉ ሰዎች አሉ። በመስኮቱ ማዶ ለተቀመጥከው ጸሐፊ ወንድሜ፦ ስትሰርዝ ምክንያቱን ጻፍ፣ ስምህንም ፈርምበት። በመስኮቱ በዚህ በኩል ለቆማችሁት ደግሞ፦ በቃል የተነገራችሁን ውሳኔ አትቀበሉ። «በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ፤ የሰጧችሁን እያንዳንዱን ወረቀትም አስቀምጡ። እኔ መብቴን ማስመለስ የቻልኩት እናቴ ከልደት የምስክር ወረቀቴ ጀምሮ አንዱንም ስላልጣለች ነው።